ሦስት አሮጌ ዴስክቶፕ አለን፦ ለሥራ ይሆናሉ ወይስ ለቆራሌ?

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። እህቴ አራት ኪሎ ትንሽዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አላት። ደንበኞቿ ባብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ሲቪ፣ አሳይመንት፣ ማመልከቻ፣ ያው የምታውቁት ነው። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ በኮንቴነር ዕቃ ሲልክ ሦስት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ጨምሮበታል። የተለጠፈባቸው ወረቀት ፕሮሰሰር ኮር ቱ ዱዎ፣ ራም 2 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስክ 80 ጂቢ ይላል። እህቴ አሁን አንድ ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር ብቻ ነው ያላት፤ እሱም በተማሪ ፍላሽ ቫይረስ በየሳምንቱ እየታመመ ፎርማት ስናደርገው ነው የምንውለው። እነዚህ ሊያግዟት ይችላሉ? አንዱን ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ለሆነው ልጇ አስቤ ነበር። የሶኬት አዳፕተር ገዝቻለሁ፣ ማታ እሰካቸዋለሁ።

ካዛንቺስ ጥገና፦
ወንድሜ ቆይ፣ እንዳትሰካ! መጀመሪያ ከኋላ፣ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ፣ ቀይ ማዞሪያ መኖሩን እይ። 115 ወይም 230 ይላል። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። 115 ላይ እንዳለ ከሰካኸው ጧ ይልና ፓወር ሰፕላዩ በዚያው ይሰናበትሃል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ 230 ገፋ አድርገው። ማዞሪያ ከሌለውና ስቲከሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ራሱ ይመርጣል፣ አትስጋ።

ከዚያ ክዳኑን ክፈትና አቧራውን ደጅ አውጥተህ አራግፍ። ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ ካፓሲተሮች ተመልከት፤ አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ያ ማሽን ለመለዋወጫ ነው። ክብ ባትሪዋንም ቀይር፣ 2032 የምትባለዋን፣ ሰዓት ቤት ሁሉ አለች። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ብራውዘሩም ድረ ገጹን ሁሉ አደገኛ ነው እያለ አላስገባም ይልሃል። ኔትወርኩ ነው ብሎ ራውተር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ምናለሽ፦
ኧረ ለቆራሌ ስጡትና ተገላገሉ። ምናለሽ ተራ እንኳ የሚወስደው ለብረቱ ነው። ግሩም ላፕቶፕ ባለበት ዘመን ይሄን ሳጥን ተሸክሞ መብራት መክፈል ምን ይሉታል?

ጋሽ ሳጥን፦
ምናለሽ፣ የላፕቶፑን ብር አንቺ ከቻልሽላቸው ጥሩ ነው። 😀
ልጄ፣ እኔ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሳጥን ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሮጌ ማሽን ሁሉን ሥራ ስጠው ስታክ ሲያደርግ ይውላል፣ አንድ ሥራ ስጠው ግን ይሠራልሃል። ሦስቱንም እንደ አዲስ ኮምፒውተር አትያቸው።

መጀመሪያ ካልኩሌት አድርግ። ራሙ በየማሽኑ 1 ጂቢ ሁለት ሁለት ሆኖ መሰካቱ አይቀርም። የዚያ ሞዴል ማዘርቦርድ ብዙውን ጊዜ አራት የራም ቦታ አለው። ስለዚህ የከፋውን ማሽን በልተህ ራሙን ለአንዱ ስጠው፣ ብር ሳታወጣ 4 ጂቢ ሆነልህ። አዲስ ራም እገዛለሁ ካልክ ዲዲአር2 በለኝ በል፣ ዲዲአር3 አይገባም፣ ሻጩ ይገባል ቢልህም አይገባም። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ግን ለራም ሳይሆን ለኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ ለሚገባው፣ ለማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ) አውጣ፤ ትንሿ 120 ጂቢ ትበቃለች። ከአሮጌ ማሽን ውስጥ የሚንቀራፈፈው ከምንም በላይ ያ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ደግሞም ነገ ማሽኑ ቢሞት ኤስኤስዲውን ነቅለህ ሌላ ላይ ትሰካዋለህ፣ ብርህ አልጠፋም።

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ዊንዶውስ 7 ብጭንበትስ? እህቴ የለመደችው እሱን ነው።

የ5 ኪሎ ላብ፦
ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም። ክሮምም በ2023 ትቶታል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን ኦክቶበር 2025 ላይ ተራው ደርሷል። የ2024ቱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኮር ቱ ዱዎ ላይ ጨርሶ አይነሳም፣ ፕሮሰሰሩ የሌለው ትእዛዝ ይፈልጋል። ስለዚህ 4 ጂቢ ያደረግከው ላይ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው) ጫን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን። ፋይሉ ወደ 3 ጂቢ ስለሚጠጋ ማታ አውርደው። 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ጻፈው፣ ዴሉ ሲነሳ ኤፍ12 ተጫንና ከፍላሽ አስነሳው። ሳትጭነው መሞከር ትችላለህ፣ ካልጣመህ አጥፍተህ ፍላሹን መንቀል ነው።

አሁን ስለ ቫይረሱ። እኔም ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ፣ ያ ሾርትከት ቫይረስ ያላስለቀሰው የለም። የሚያደርገው የተማሪውን እውነተኛ ፎልደር ደብቆ በቦታው ሾርትከት ማስቀመጥ ነው፤ እሱን ስትነካው ቫይረሱ ይነሳና ማሽንህ ላይ ይሰፍራል። ሊኑክስ ላይ ያ ሾርትከት ዱዳ ነው። ዊንዶውስ የደበቀው ፎልደርም ፊት ለፊት ተዘርግቶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ አንዱን ዴል በሩ አጠገብ አስቀምጡትና "ፍላሽ መቀበያ" አድርጉት። ማንም ሰው ፍላሹን ዋናው ማሽን ላይ አይሰካ። እዚያ ይከፈታል፣ ዎርዱና ፒዲኤፉ ብቻ ተመርጦ በኔትወርክ ወደ ዋናው ይሄዳል። ዎርድ ራሱ ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም) ሆኖ የሚመጣ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ዋናው ላይ "ማክሮ ይነሳ?" ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ። ፋይሉን በቴሌግራም ለሚልክ ደንበኛም ያው ማሽን ይበቃል።

የአራት ኪሎው፦
ይሄ ጭራሽ አልታየኝም ነበር! አማርኛ መጻፍስ? ከዚሁ ፕሪንት ማድረግስ?

የ5 ኪሎ ላብ፦
አማርኛው አለ። የኪቦርድ ማስገቢያው ላይ ትጨምረዋለህ፣ ፊደሉን እንደ አነባበቡ በእንግሊዝኛ ቁልፎች የምትጽፍበት ዓይነት ነው። እህትህ ከለመደችው ትንሽ ስለሚለይ ሁለት ቀን ትማረራለች። ችግር የሚሆነው የድሮ ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እዚህ ሰው ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በየራሱ ፎንት ሲጽፍ ነው የኖረው፤ ያን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍተው ማንም የማያነበው የላቲን ፊደል ጥርቅም ይወጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ እንዳታጠፉት። ፎንቱ ባለበት በዋናው ክፈቱት።
ፕሪንተር በዕድል ነው። ኤችፒ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታወቃል። አንዳንድ ሌዘር ግን ለሊኑክስ ድራይቨሩ ያንገበግባል። እኔ ብሆን አልታገልም፣ ፕሪንቱን ለዋናው እተወዋለሁ።

ካዛንቺስ ጥገና፦
ለልጁ ደግሞ 2 ጂቢው ላይ ሚንት ይነሳል፣ ግን ይከብደዋል። አንቲኤክስ የሚባለውን፣ ከሚንት የቀለለውን ሊኑክስ ሞክሩለት። ዩቲዩብ አትጠብቁበት። ለመተየብ፣ ለኤክሴል ዓይነት ሥራ፣ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ለመልመድ ከበቂ በላይ ነው። ኪዊክስ በሚባለው ዊኪፔድያን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯልና ማውስ መያዙ ራሱ አይጠላም።

ምናለሽ፦
እሺ ተሸንፌያለሁ። መብራት ሲሄድ ግን ተመልሶ ሳይመጣ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ከሌላችሁ።

የአራት ኪሎው (ከ9 ቀን በኋላ)፦
ሰላም። ሦስቱም 115 ላይ ነበሩ! ካዛንቺስ ጥገና፣ ፈጣሪ ይስጥህ፣ ያን ማታ ሦስቱንም አቃጥዬ ነበር። አንዱ ካፓሲተሩ አብጦ ስለተገኘ በላነው፣ ራሙ በሩ አጠገብ ወዳለው ገባ። ኤስኤስዲ ገዝተን ሚንት ጫንበት። እስካሁን ዋናው ማሽን ፎርማት አልተደረገም። ትናንት አንድ ልጅ "ፋይሌ ጠፋ፣ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው" ብሎ ፊቱ ገርጥቶ መጣ፤ እህቴ ሰክታ መመረቂያ ጽሑፉን አወጣችለት። አሁን ለዚህ ስንት እናስከፍል እያለች ነው። እናንተ ስንት ታስከፍላላችሁ?

የ5 ኪሎ ላብ፦
ለመመረቂያ ጽሑፍ? ቡና ይጋብዛት በቃ።