ፔጆ 404፦ ዘይቱ ውስጥ ውሃ እየገባ ነው፣ እርዱኝ

ሰላም፣ ሐረር ነኝ። የአባቴን ፔጆ 404 እያደስኩ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ለዓመታት ታክሲ ሠርታለች፣ ቆርቆሮዋ ገና ጠንካራ ነው። የራሷ ሞተር ብሎኩ (ዋናው አካሉ) ስለተሰነጠቀ ድሬዳዋ ሌላ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ያው 1618 ሲሲው፣ ባለ ካርቡራተሩ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈታ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚን (የክራንኩ ኩሽኔታ) ተቀየረ፣ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቶርኖ ቤት ተስተካከለ፣ በቴስታውና በብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ አዲስ ነው። ካሚቻዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው፣ ብሎኩ ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎች) ብዙም ስላልተበሉ የድሮዎቹ ተመለሱ። አነሳሱ ደስ ይላል፣ ድምፁም ንጹህ ነበር። የደንገጎን ዳገት ወጥታ ስትመጣ ግን የዘይት መለኪያውን ብመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ጓርኒሲዮኑን ነበር። ፈትተን አየነው፣ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቴስታውን መልሰን አስረን፣ ሞተሩን አውርደን፣ የታችኛውን የዘይት መያዣ ፈትተን በሞተሩ የውሃ መንገድ ውሃ ሞላን። ጠብታው ከሦስተኛው ካሚቻ እግር ሥር ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ሳያቋርጥ። የዚህ ሞተር ካሚቻ ውሃው በቀጥታ የሚነካው ዓይነት ስለሆነ፣ የሥሩ ማሸጊያ ካልያዘ ውሃው የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነው።

አሁን አራቱንም አውጥቼ ማሸጊያቸውን ልቀይር ነው። የማሸጊያው ውፍረት ግን ወሳኝ ነው፤ ከሳሳ ካሚቻው ይሰምጥና ቴስታው አይጨምቀውም። አንዱ መካኒክ ከብሎኩ ጋር እኩል ይሁን ይላል፣ ሌላው ትንሽ ከፍ ይበል ይላል። እኔም ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) አለኝ፣ መመሪያ መጽሐፉ ግን የለኝም። ይህን ሞተር በእጃችሁ የሠራችሁ፦ ቴስታው ሳይታሰር ካሚቻው ከብሎኩ ፊት ስንት መቶኛ ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት?