ሮም ሦስት ቀን ብቻ፦ ቫቲካን፣ ኮሎሲየምና ፓንቴዮን ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር በየትኛው ቀን ይሁን?

የቦሌዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ሮም ገብተን ረቡዕ ማለዳ እንወጣለን፤ ሙሉ ቀን የምናገኘው እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ14 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ70 ዓመት እናቴ ነን። እሑዱ የወሩ የመጀመሪያ ስለሆነ መግቢያ ነፃ ነው አሉኝ። ሁሉንም በዚያ ቀን ብንጨርስስ? የኮሎሲየም ቲኬት ስፈልግ ደግሞ አንዱ ድረ ገጽ 18 ዩሮ፣ ሌላው 50 ይለኛል። የቱን ልመን?

ቴርሚኒ ሰፈር፦
እህቴ፣ እሑድ ላይ ሁሉንም ማድረግ አይቻልም። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ የሚሆኑት የጣሊያን መንግሥት ቦታዎች ናቸው፤ ኮሎሲየም፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ጥንታዊው ፓንቴዮንና ብሔራዊ ሙዚየሞቹ ማለት ነው። ቫቲካን ሌላ አገር ነው፣ የራሱ ሕግ አለው። ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ነው፤ የሚከፍተው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ሲሆን ያን ዕለት እስከ ቀትር 6 ሰዓት ተኩል በነፃ ያስገባል። በሌላ በኩል ሰኞ የቦርጌዜ ጋለሪና ብሔራዊ ሙዚየሞቹ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቀኖቹ ራሳቸው ያስገድዷችኋል፦ እሑድ መሀል ከተማውና ፓንቴዮን፣ ሰኞ ቫቲካን፣ ማክሰኞ ኮሎሲየም። ረቡዕ ብትቆዩ ኖሮ ቫቲካንን በዚያ ቀን አታድርጉት እላችሁ ነበር፤ ጳጳሱ ረቡዕ ጠዋት አደባባዩ ላይ ሕዝብ ስለሚያገኙ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ዝግጅቱ እስኪያበቃ ድረስ ይዘጋል።

ቆጣቢው፦
ኮሎሲየምን ግን እሑድ በነፃ ግቡ። አንድ አዋቂ 18 ዩሮ ነው፤ ለሦስት ሰው 54 ዩሮ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ቴርሚኒ ሰፈር፦
@ቆጣቢው ወንድሜ፣ ለወጣት ብቻውን ለሚሄድ ልክ ነህ። በነፃው እሑድ ግን አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ አይቻልም፤ ቲኬቱ እዚያው በር ላይ በወረፋ ነው የሚሰጠው። ጥላ በሌለበት አደባባይ የ70 ዓመት እናት አቁሞ 54 ዩሮ ማትረፍ ቁጠባ አይመስለኝም። ነፃውን እሑድ ወረፋ በማይበዛባቸው ተጠቀሙበት፦ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉት ፓላሶ ማሲሞና የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ። ሁለቱም ብዙ ጎብኚ አያገኛቸውም፤ ፓላሶ ማሲሞ ከፍተኛው ፎቅ ላይ የአውግስጦስ ቄሣር ሚስት የሊቪያ ቤት የአትክልት ሥዕል አለ፣ እኔን ብትጠይቂኝ ከኮሎሲየም ውስጥ ይልቅ እሱ ይታያል። ፓንቴዮንን ከሰዓት በኋላ ግቡ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ጎብኚ አይገባም። በሌላው ቀን ይከፈልበታል።

ጥንቁቋ፦
የዋጋው ልዩነት ከሻጩ ነው። 18 ዩሮው የኮሎሲየም የራሱ ዋጋ ነው፤ አጠገቡ ያሉትን የጥንቷን ከተማ ፍርስራሾች፣ ፎሩምንና ፓላቲኖ ኮረብታን፣ ይጨምራል። 50 የሚሉት ያንኑ ቲኬት አስጎብኚ ወይም “ያለ ወረፋ” የሚል ስም ጨምረው የሚሸጡ ናቸው። ፍተሻውን ማንም አያስቀርም፤ ሰዓት ያስያዘ ሰው ሁሉ የቲኬት ወረፋ የለበትም። ኮሎሲየም ቲኬት የሚለቀው ከ30 ቀን በፊት ነው። የጠዋቱ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ ቀኑን ቆጥረሽ ጠብቂ። ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ 8:30 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

አሁን ሐበሾች የምንቸገርበት፦ ቲኬቱ በስም ነው፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል። ቅጹ “ኖሜ” ሲል የራስን ስም፣ “ኮኞሜ” ሲል የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ፓስፖርቱ በቤተሰብ ስም መስመር ላይ የያዘውን እንዳለ ጻፊ፤ ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ባይመሳሰል ማንም ግድ የለውም። ችግር የሚመጣው አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ሲገባ፣ ወይም አንዱ ሰው የሁሉንም በራሱ ስም ሲይዝ ነው። ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ሆኖም የልጆቹም የዜሮ ዩሮ ቲኬት አብሮ መያዝ አለበት፣ ፓስፖርታቸውም ይያዝ። ኮሎሲየም የዕቃ ማስቀመጫ የለውም፤ ትልቅ ቦርሳና የብርጭቆ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ከበር ይመለሳል።

የቫቲካን፦ አዋቂ 20፣ የልጆቹ የተቀነሰው 8 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ሲያዝ በያንዳንዱ ላይ 5 ይጨመራል። ለእናንተ 75 እና 26፣ ድምር 101 ዩሮ።

የቦሌዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቫቲካን ውስጥ ለእናቴ መንገዱ ምን ያህል ከባድ ነው? ከሲስቲና ጸሎት ቤት በቀጥታ ወደ ባሲሊካው የሚያወጣ በር አለ ሲባልም ሰምቻለሁ።

መሪጌታው፦
በሩ አለ፤ የተተወው ግን አስጎብኚ ላላቸው ቡድኖች ነው። በእሱ ተማምነሽ ዕቅድ አታውጪ። የሙዚየሙ መግቢያ ራሱ ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሳይሆን ከሰሜን በኩል ቪያሌ ቫቲካኖ ላይ ነው። አደባባዩ ላይ ተሰልፎ ቆይቶ “ይህ የባሲሊካው ነው” የሚባል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። በሜትሮ ኤ መስመር ኦታቪያኖ ወይም ቺፕሮ ውረዱ። ከሙዚየሙ ወጥቶ በግንቡ ዙሪያ ወደ ባሲሊካው ለመሄድ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እዚያ እንደገና ፍተሻ አለ፣ መግቢያው ነፃ ነው።

ለእናትሽ ሙዚየሙ መታወቂያ አስይዞ ዊልቸር በነፃ ያውሳል። በራሳቸው የሚራመዱ ቢሆኑም ውሰዱላቸው፤ የሚያደክመው ደረጃው ሳይሆን ርዝመቱ ነው። የካርታዎቹ አዳራሽ ብቻ 120 ሜትር ነው። በዊልቸር ላሉት መንገዱ ስለሚለይ ከጠባቂዎቹ ጠይቁ፣ በሊፍት ያሳልፏቸዋል። ሲስቲና ስትገቡ መሀል ላይ አትቁሙ። በግድግዳው ዳር የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ፤ ቦታ እስኪለቀቅ ጠብቃችሁ እናትሽ እዚያ ይቀመጡ። ሚካኤል አንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512፣ ከመሠዊያው በላይ ያለውን የመጨረሻ ፍርድ ከ1536 እስከ 1541 ሣለ። ፎቶ ክልክል ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የ14 ዓመቱ ልጅ ቁምጣም ይቆጠራል። የባሲሊካው ጉልላት ላይ ለመውጣት 551 ደረጃ ነው። ሊፍት ቢከፈልም 320 ይቀራል፣ እናትሽን ታች ተዉአቸው።

የአድዋ ልጅ፦
ሮም ከሄዳችሁ አይቀር የእኛን አትለፉ፤ ለልጆቹ ከፎሩም ፍርስራሽ ይልቅ ይገባቸዋል። ፓንቴዮን ውስጥ የዑምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር አለ፤ አድዋ ላይ ጦሩ ሲሸነፍ የጣሊያን ንጉሥ እሱ ነበር። ፓላሶ ማሲሞ አጠገብ የቆመው የግብፅ ሐውልት በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት 500 ጣሊያናውያን መታሰቢያ ነው፤ ከቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይም ስሙ “አምስት መቶዎቹ” ነው። ከኮሎሲየም ጎን ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ማራቶን የጨረሰበት ነው። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎርዮ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ወርዳችሁ ፖርታ ካፔና አደባባይ ስትደርሱ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመበትን ታገኛላችሁ፤ በ2005 አገሩ ገብቷል። አበበ ሲያልፍ ሐውልቱ እዚያው ቆሞ ነበር። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከባሲሊካው ጀርባ ነው፤ በመደበኛ ቲኬት ግን አይደረስበትም።

ቴርሚኒ ሰፈር፦
መጓጓዣ ላይ ልጨምር። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በሰው 14 ዩሮ ነው፤ ለአምስት ሰው ሻንጣ ጭኖ ታክሲ ይሻላል። በአሮጌው ግንብ ውስጥ ላለ ሆቴል ታሪፉ የተወሰነ 55 ዩሮ ነው፣ ሻንጣ አይጨምረውም፤ ነጩን ታክሲ ከተራው ያዙ፣ በሩ ላይ “ታክሲ? ታክሲ?” የሚሏችሁን እለፏቸው። አምስት ሰው የሚይዝ ትልቅ መኪና ብላችሁ ጠይቁ። ከተማ ውስጥ 1.50 ዩሮ ቲኬት 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ። አውቶቡስ ላይ ማሽኑ ካልመታው እንዳልከፈላችሁ ይቆጠራል። 64 ቁጥር አውቶቡስ ኪስ አውላቂ ይበዛበታል፣ ቦርሳ ከፊት ይሁን። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ያሉት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው። የአፉን ጫፍ በጣት ስትደፍኚው ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣል፤ ለእናትሽ ጉልበት ይመቻል።