ኢሕአፓና መኢሶን ለምን ተገዳደሉ? እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ ጥያቄ አላላውስ ብሎኛል።

ስለ 1966ቱ አብዮት እያስተማርኩ ነው። እስከ የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ድረስ ያለው ብዙ አያስቸግርም። ተማሪዎቼ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡትን ወጣቶች ወደዋቸዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ የዘመኑን ሁለት ተቀናቃኝ ድርጅቶች፣ በግራ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ)፣ በቀኝ መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ብዬ ጻፍኩ። ሶሻሊዝም፣ እዚህም እዚያም። መሬት ለአራሹ፣ እዚህም እዚያም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን ተገዳደሉ?»

የተለመደውን መልስ ነገርኳት። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ። መኢሶን ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» (እየተቹ መደገፍ) እየሰጠን ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ አለ። ልክ ነው። ግን ይህ ብቻውን ጠመንጃ ያማዝዛል? መኢሶንም ቢሆን በነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ አባላቱንም ደርግ አልማራቸውም።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ጠቡ ገና ድሮ፣ በውጭ አገር የተማሪ ማኅበራት ውስጥ የተጠነሰሰ መሆኑ ነው። ታዲያ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የቱን ላስቀድም? የሐሳብ ልዩነቱን ወይስ የቆየውን ፉክክር? አያቶቻቸው በሁለቱም ወገን የነበሩ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉና ሚዛኑ በጣም ያስጨንቀኛል። ዘመኑን የኖራችሁ፣ ይህን ምዕራፍ ያስተማራችሁ፣ እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ?