የማታ አዳራሽ ፎቶ እየተበላሸብኝ ነው፣ ህትመትም አልሸጥ አለኝ፤ በቅድሚያ ምን ልግዛ?

ካሜራና እኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ እና አንድ ፍላሽ ነው። ቀን ቀን ውጭ ላይ የማነሳው ደህና ነው፣ ሰውም ይወደዋል። ችግሬ ማታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንስቼ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ልቤ ስንጥቅ አለ። የሙሽሪት ፊት ነጭ ወረቀት መስሏል፣ ከኋላዋ ያለውን ሰው ሁሉ ጨለማ ውጦታል። ፍላሹን አጥፍቼ ያነሳኋቸው ደግሞ ቢጫ ናቸው፣ ኖይዙም (ፎቶው ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ) አያስቀርብም። ሲጨፍሩ ያነሳኋቸው አብዛኞቹ ብለር ናቸው።

ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ጓደኞቼ “ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ግዢ፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል” ይሉኛል። እውነት ነው? ወይስ ሌንስ ይሻላል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ህትመት ነው። ሙሽሮቹ ፎቶውን በፍላሽ ዲስክ ይቀበሉኛል፣ “በኋላ እናሳትማለን” ይላሉ፣ በቃ። እስካሁን አንድም ተመልሶ የመጣ የለም። ሰው ፎቶ ስልኩ ላይ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው ወይስ እኔ የማላደርገው ነገር አለ? ለመሸጥ ብዬ ሰው መለማመጥ አልችልበትም። እውነቱን ንገሩኝ።

የመስኮት ብርሃን፦

እህቴ፣ ካሜራ አትግዢ። ለአሁኑ ማለቴ ነው። የጻፍሽው ሁሉ የብርሃን ችግር ነው። ፊቷ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነው ፍላሹን ፊት ለፊት ስለተኮስሽው ነው። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ ቶሎ ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው። ሙሽሪት ሁለት ሜትር ላይ ቆማ እንግዶቹ ስምንት ሜትር ላይ ከሆኑ፣ እነሱ የሚያገኙት እሷ ካገኘችው አንድ አሥራ ስድስተኛውን ነው። የፈለገ ውድ ካሜራ ብትይዢ ይህ አይቀየርም።

ስለዚህ የፍላሹን ራስ አዙሪው። ጣሪያው ነጭ ከሆነና ብዙ ካልራቀ ወደ ላይ፣ አጠገብሽ ነጭ ግድግዳ ካለ ደግሞ ወደ ግድግዳው። ያኔ ብርሃኑ የሚመጣው ከትንሿ ፍላሽ ሳይሆን ከሰፊው ግድግዳ ይሆናል፣ ጥላው ይለሰልሳል፣ ከኋላ ያሉትም ድርሻቸውን ያገኛሉ። እኔ ከጎን የሚመጣውን እመርጣለሁ። ቀጥ ብሎ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ሙሽሪት ሳትደክም የደከማት ትመስላለች። ደግሞ ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ነው የሚመለሰው። አንዴ ቀይ መጋረጃ አጠገብ ቆሜ ያነሳሁት የቤተሰብ ፎቶ እስካሁን ይቆጨኛል። በመጋረጃው በኩል የቆሙት ቀልተዋል፣ እነሱን ሳስተካክል የወዲያኞቹ ይበላሻሉ። አዳራሽ ስትገቢ መጀመሪያ ቀና ብለሽ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን እዪ።

ጣሪያው ጥቁር ወይም በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ግን ወደ ላይ መተኮሱ ባትሪ መጨረስ ነው። ገንዘብሽ መውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ተጨማሪ ፍላሽ፣ እሱን ከሩቅ የሚያስተኩስ ትሪገርና ስታንድ። ስታንዱን ከጭፈራው ቦታ ጀርባ አንድ ጥግ ላይ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገሽ አቁሚው፣ ፍላሹን ማኑዋል ላይ አድርጊና ከኃይሉ 1/16 ጀምሪ። ሲጨፍሩ ፀጉራቸውና ትከሻቸው ዳር ዳሩን ቀጭን ብርሃን ይይዛል፣ ከጨለማው ይለያሉ። ይህን የመጀመሪያ ቀን ስታይው የራስሽ ፎቶ አይመስልሽም። ስታንዱ እግር ላይ ግን ከባድ ነገር አስቀምጪበት። ሠርግ ላይ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ የወደቀ ፍላሽ ሰው ይጎዳል።

ሴቲንጉን በተመለከተ የአዳራሹን ድባብ ለብቻው የሚወስነው ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት) ነው፣ ፊቱን የሚወስነው ፍላሹ ነው። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ሁለቱንም ይነካሉ። አይኤስኦ 1600፣ ሻተር 1/100 ላይ ጀምሪና መጀመሪያ ያለ ፍላሽ አንድ አንሺ። አዳራሹ ደብዘዝ ብሎ ግን ከታየሽ ልክ ነሽ። ከዚያ ፍላሹን ጨምሪ። የፍላሹ ብልጭታ ከሻተሩ በብዙ እጥፍ ያጠረ ስለሆነ ጭፈራውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በብዙ ካሜራ ላይ ከ1/200 ካለፍሽ ግን ፎቶው ላይ ጥቁር ሰቅ ይመጣብሻል።

ቢጫውም መፍትሔ አለው። ቢጫው አምፖል ወደ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፣ ፍላሽ ወደ 5500። ሁለቱ ሲደባለቁ ፊቷ ሰማያዊ፣ ጀርባው ብርቱካን ይሆናል፣ ኤዲት ላይም አይታረቅም። ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ጄል ለጥፊበት፣ የካሜራሽን ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያውን) ወደ 3200 አውርጂው፣ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ጄሏ ቁራጭ ፕላስቲክ ናት፣ ዋጋዋም እዚህ ግባ አይባልም፣ ሌሊቱን ሙሉ ከኤዲት ግን ታድንሻለች።

ሌንስ ካልሽ፣ ያንቺው 55 ላይ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ኤፍ 1.8 የሆነ 35 ወይም 50 ሌንስ ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ እሱን ግዢ።

ሁለት ካርድ፦

ብርሃኑ ላይ የተባለው ልክ ነው። “ካሜራ አትግዢ” የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሠርግ አይደገምም። አንድ ካሜራ ብቻ ይዞ መሄድ የሰውን ቀን በአንድ ሻተር ላይ ማንጠልጠል ነው። ቀለበት ሲያጠልቁ ሻተሬ ተቆልፎ አልከፈት ብሎኝ ያውቃል። አንገቴ ላይ ሁለተኛ ካሜራ ስለነበረ ማንም ሳያውቅ ቀጠልኩ። ባይኖር ኖሮ ምን እንደምል ዛሬም አላውቅም። ያገለገለ ይሁን፣ የተከራየ ይሁን፣ ከጓደኛሽ የተዋስሽው ይሁን፣ ብቻ ሁለተኛ ይኑርሽ።

ወደፊት ስትገዢ ደግሞ ሁለት የካርድ ቦታ ያለው ይሁን፣ ፎቶውንም ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጊው። እኔ አንድ ጊዜ ካርድ አልነበብ ብሎኝ የአንድ ሰዓት ሥራ ጠፍቶብኛል። ሙሽሪትና እናቷ ተቃቅፈው ያለቀሱበት እዚያ ውስጥ ነበር። ሄጄ በአፌ ነው የነገርኳቸው፣ በስልክ መናገር አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ከአዳራሽ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምገለብጠው። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሙሽሮቹ ተረክበው እስኪጨርሱ ካርዱን ፎርማት አላደርግም።

ካሜራና እኔ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ቤት ግድግዳ ላይ ስተኩስ ነው የዋልኩት፣ ልዩነቱ አስደነገጠኝ። አንድ የረሳሁት ነገር አለ። መድረኩ ላይ የኤልኢዲ መብራት ነበር፣ ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ ሳይለንት ላይ አድርጌ ያነሳኋቸው ላይ ሁሉ አግድም ጥቁር ጥቁር መስመር ወጣ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን? ቬሎው ብቻውን ሞልቶ ሲታይ ደግሞ ግራጫ ይሆንብኛል።

የመስኮት ብርሃን፦

አልተበላሸም፣ አይዞሽ። ብዙ ኤልኢዲ ዓይናችን ሳያየው ይበራል ይጠፋል። ሳይለንት ላይ ካሜራው ፎቶውን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ መብራቱ የጠፋበት ቅጽበት መስመር ሆኖ ይወጣል። ሳይለንቱን አጥፊው። የመብራቱ ኃይል 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ 1/50 ወይም 1/100፣ 60 በሆነበት ደግሞ 1/60 ወይም 1/125 ሞክሪ። ካሜራሽ ፀረ ፍሊከር (የመብራት መንቀጥቀጥን የሚከላከል) ካለው ክፈቺው። አንዳንዱ የመድረክ መብራት ግን በራሱ ፍጥነት ነው የሚንቀጠቀጠው፣ እዚያ ላይ ሻተሩን እየቀያየሩ መሞከር ብቻ ነው።

ቬሎው ግራጫ የሚሆነው ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ነው። ቬሎ ፍሬሙን ሲሞላው አንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን እጥፍ) ጨምሪለት፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ቀንሺለት። የዳንቴሉ ጥልፍ መጥፋት የለበትም፣ አንዴ ነጭ ሆኖ ከሄደ አይመለስም። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) ላይ አንሺ።

ወረቀትና ቀለም፦

ልጄ፣ ፎቶ ማጠቢያ ውስጥ ፊልም ከማጠብ ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ስለ ህትመቱ እኔ ልመልስልሽ። ሰው ህትመት አይፈልግም የሚለው ልክ አይደለም። ሰው ያላየውን አይገዛም። ፍላሽ ዲስክ ሰጥተሽ ስትሸኚያቸው ሥራው አልቋል ብለሽ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ።

ውል ስትነጋገሩ፣ ከሠርጉ በፊት፣ አንድ አልበምና አንድ ትልቅ ህትመት ይዘሽ ሂጂ። አታብራሪ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና እስኪገልጡት ዝም በዪ። ገጹን በእጃቸው ሲዳብሱት ታያለሽ። ከዚያ አልበሙና ጥቂት ህትመት ከመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ ይግባ። በኋላ “ግዙኝ” ማለት የሚከብድሽ ለዚህ ነው፣ ገና ሲጀመር ስላልተነገረ።

ከሠርጉ በኋላ ደስታው ሳይበርድ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩት። ሺውን ፎቶ አይደለም፣ የመረጥሽውን። ሊንክ ልከሽ “ምረጡ” ካልሽ ስልካቸው ላይ በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ይረሱታል። መጠኑን ሲያስቡ ሰዎች ሁሌም ያሳንሳሉ። 20 በ30 ሳንቲሜትር እጅ ላይ ትልቅ ነው፣ ከሶፋ በላይ ሲሰቀል ግን ቴምብር ያህላል። እኔ ካርቶን በ60 በ90 ልክ ቆርጬ እሄዳለሁ፣ ግድግዳቸው ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ፣ ከዚያ ራቅ ብለው እንዲያዩት አደርጋለሁ። ባልና ሚስቱ ራሳቸው መከራከር ይጀምራሉ፣ እኔ አልናገርም።

ወላጆችን አትርሺ። ለሙሽሮቹ ፎቶው ስልካቸው ላይ አለ፣ ለእናቶች ግን ግድግዳው ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ ገና ስታነሺ እናትን ከልጇ ጋር፣ አያትን ለብቻ፣ ተረጋግተሽ አንሺ። ዳር ዳሩንም ክፍት ተዪ። ካሜራሽ 3 ለ2 ነው፣ 20 በ25 ሲታተም ከረጅሙ ጎን ይቆረጣል። ጫፍ ላይ የቆመ አጎት ትከሻውን ያጣል፣ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አትጠይቂኝ።

24 ሜጋፒክሰል ካለሽ 6000 በ4000 ነው። በኢንች 300 ነጥብ ብትይ 50 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ጥርት ብሎ ይወጣል። 60 በ90 ሲሆን ወደ 170 ይወርዳል፣ ሰው ግን ግድግዳ ላይ ያለን ፎቶ አፍንጫውን አስጠግቶ አያይም። ህትመት ጠቆረብኝ የሚሉ ልጆች ብዙ ይመጡብኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የጠቆረው ህትመቱ አይደለም፣ ስክሪናቸው ከመጠን በላይ ስለበራ ነው። ብርሃኑን ቀንሺው፣ ከቻልሽ በመለኪያ አስተካክዪው፣ ማተሚያ ቤቱ ሌላ ካላለሽ ፋይሉን በኤስአርጂቢ (በተለመደው የቀለም ዓይነት) ላኪ። ትልቁን ከማዘዝሽ በፊት ያንኑ ፎቶ በትንሹ አሳትመሽ መስኮት አጠገብ እዪው። የቆዳውን ቀለም እዚያ ነው የምታውቂው። ወረቀት ላይ እኔ ለስተር (በመጠኑ ብቻ የሚያበራውን) እመርጣለሁ፣ አንጸባራቂው ጣት በነካው ቁጥር አሻራ ይይዛል። ፍሬም ውስጥ ስታስገቢም ፎቶው መስታወቱን አይንካ፣ እርጥበት ካገኘው ተጣብቆ ይቀራል። መሐል ላይ የካርቶን ጠርዝ ይግባበት።

ዋጋ ላይ የወረቀቱን ሒሳብ ብቻ አትያዢ። መምረጡ፣ ኤዲቱ፣ ሄዶ ማምጣቱ፣ ተበላሽቶ ዳግም የሚታተመው ሁሉ ያንቺ ጊዜ ነው። ዋጋውን ንገሪና ዝም በዪ። ሳይጠይቁሽ አትቀንሺ።

ካሜራና እኔ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ዛሬ ቆርጬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ 60 በ90 እንዲህ ያህላል ብዬ አስቤም አላውቅ። ፍላሹንና ስታንዱን ልገዛ ነው፣ ሁለተኛ ካሜራ ደግሞ ለቅዳሜ ተውሻለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የአልበሙን ፎቶ ማን ይምረጥ? ባለፈው ሙሽሮቹን ምረጡ ብዬ ስምንት ወር አለፈ።

ወረቀትና ቀለም፦

አንቺ ምረጪ። ከሰባ የማይበልጥ ፎቶ አውጥተሽ ገጽ በገጽ ደርድሪና አሳያቸው፣ የማይወዱትን ይቀይሩ። ከባዶ ሺህ ፎቶ ውስጥ ምረጡ ሲባሉ ነው የሚጨንቃቸው፣ የተደረደረ ሲያዩ ግን የሚነኩት አራት አምስቱን ነው። ቀኑንም ውሉ ላይ ጻፊው፣ አሥር ቀን በቂ ነው። የስምንት ወሮቹንም ደርድረሽ ላኪላቸው፣ እስካሁን እያፈሩ ነው የሚሆኑት።