ከሩዝ በኋላ ሳይታረስ ለሚዘራ በቆሎ ስለ አረም መድኃኒት እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው ፒያሳ ነው፤ ማሳው ግን ፎገራ ነው፣ የወንድሜ። ሩዙን አጭዶ ጨርሷል። አሁን በመስኖ በቆሎ ሊዘራ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ዘንድሮ ሳያርስ፣ ገለባው መሃል ጉድጓድ እየከፈተ ለመዝራት ወስኗል። ሐሳቡን ወድጄለታለሁ።

ችግሩ አረሙ ነው። የታጨደው ሩዝ ከሥሩ እንደገና አቆጥቁጧል፣ ሰርዶ አለ፣ ከሁሉም የባሰው ግን እንግጫው ነው።

መድኃኒት ፈልግ ብሎኝ መርካቶ ወረድኩ። አንድ ሻጭ ግላይፎሴትና አትራዚን ሸጠልኝ፤ መቼና እንዴት ነው ስለው «ዝም ብላችሁ ርጩት» አለኝ። በጣም ነው ያናደደኝ። አንብቤ የገባኝ ይህ ነው፦ ግላይፎሴት በቆሎውንም ስለማይምር ቡቃያው ሳይወጣ መረጨት አለበት፣ በደፈረሰ ውኃ ከተበጠበጠም ኃይሉን ያጣል (ወንድሜ ያለው የቦይ ውኃ ነው፣ እሱም አሳስቦኛል)። አትራዚን ደግሞ በአብዛኛው አፈር ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ እርጥበትም ይፈልጋል።

ታዲያ ገለባው አትራዚኑን ይዞ አያስቀረውም? ገለባውን ገፋ አድርጎ መርጨት ይሻላል ወይስ ረጭቶ ወዲያው ማጠጣት? ክረምት ላይ እዚያው ሩዝ ስለሚዘራ አፈሩ ውስጥ ቆይቶ እንዳይጎዳበትም ፈርቻለሁ። እንግጫው ሥሩ ላይ ባለው ፍሬ እየተመለሰ ስለሚበቅል በአንድ ርጭት የሚያልቅ አይመስለኝም፤ በቆሎው ከበቀለ በኋላስ ምን ታደርጋላችሁ?

ሊዘራ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ፎገራ ወይም ደንቢያ አካባቢ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከረጫችሁ ስንት ቀን ቆይታችሁ እንደዘራችሁም ጭምር ንገሩኝ።