የወንድሜ የይግባኝ ጠበቃ ዋናውን ነጥብ ዘሎታል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ፣ የአሜሪካን ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ያለነው ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጥፋተኛ ተብሎ ታስሯል። ይግባኙም በቅርቡ ውድቅ ሆነ።

ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ፖሊስ ቃሉን ሲቀበለው አስተርጓሚ አልነበረም። የመጀመሪያው ጠበቃው ይህን ችሎት ላይ ተቃውሟል፤ ዳኛው አልተቀበሉትም። የችሎቱን ግልባጭ ሌሊት ሳገላብጥ አገኘሁት፣ በቢጫ አቅልሜዋለሁ። የይግባኙ ጠበቃ ግን ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። አሥራ አንዱም ገጽ ስለ ቅጣቱ መብዛት ብቻ ነው። ወንድሜ ሦስት ደብዳቤ ላከለት። መልስ የለም።

እስካሁን ያነበብኩት ይኸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በመጀመሪያው ይግባኝ ላይ ብቁ ጠበቃ ማግኘት መብት ነው ብሏል። መመዘኛው የ1984ቱ የስትሪክላንድ ውሳኔ ነው። ጠበቃው ከሚጠበቅበት በታች መሥራቱን ማሳየት አለብን። ነጥቡ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ይግባኙን የማሸነፍ በቂ ዕድል እንደነበረም እንዲሁ። ጠበቃ ሁሉንም ነጥብ የማንሳት ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ የተተወው ነጥብ ከተነሳው በግልጽ የጠነከረ መሆን አለበት። ለእኔ የጠነከረ ነው። ግን እህቱ ነኝ፣ ዓይኔን አላምነውም።

ከሁሉ በላይ ጊዜው አስጨንቆኛል። የፌዴራሉ ሄቢየስ ኮርፐስ (እስሩ ሕገወጥ ነው ብሎ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ) ገደብ አንድ ዓመት ነው፤ ቆጠራው የሚቆመው ለቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ተመሳሳይ አቤቱታ በወቅቱና በአግባቡ ከገባ ነው።

የይግባኙ ጠበቃ ሙሉ ፋይሉን እንዲሰጠን እንዴት እንጠይቀው? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የትኛውን ወረቀት ያዛችሁ?