የባጃጃችን ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ተያዘ፤ ምን ይጠብቀናል?

ጥያቄ፦ የባለንብረት ልጅ፣ ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። እናቴ አንድ ባጃጅ አላት፤ ቤታችን የሚተዳደረው በእሱ ነው። ሾፌር ቀጥረን በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ትናንት ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሰው ጭኖ ሲወርድ ትራፊክ አስቆመው። መንጃው ሲታይ ጊዜው አልፎበታል። ሲቀጠር ያሳየን ጊዜ መንጃው ይሠራ ነበር፤ ማደስ እንዳለበት ግን አልነገረንም። ክስ ተጽፎበታል፣ ባጃጁም ቆሟል።

ጊዜው ያለፈበት መንጃ ጭራሽ ከሌለው ጋር እኩል ነው ወይ? ቅጣቱ ለሾፌሩ ብቻ ነው ወይስ እናቴንም ይነካታል?

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ነው ያለው። መንዳት ይችላል፤ መንጃ ግን የለውም። ሾፌሩ እስኪያድስ ድረስ "ሰፈር ውስጥ ብቻ ይሥራበት" እያለች ነው እናቴ። እኔ ደስ አላለኝም። ግን ለምን እንደማይሆን በማስረጃ ላስረዳት እፈልጋለሁ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ሾፌር ከአዘዞ

አይዞሽ እታለም። ይሄ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ መፍትሔም አለው።

መጀመሪያ የክስ ወረቀቱን ራስሽ አንብቢው። የተጻፈው ጥፋት "ያለ መንጃ ፈቃድ" ነው ወይስ "ያልታደሰ መንጃ ፈቃድ"? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ ቅጣቱን ሳትከፍሉ በፊት አመልክቱ። ከከፈላችሁ በኋላ መከራከር ይከብዳል።

ባጃጁን ስታስለቅቁ ሾፌሩ ራሱ ይቅረብ። እናትሽ ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን)፣ የቦሎውን ወረቀትና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ይዛ ትሂድ። ሊብሬው በስሟ ካልሆነ የውል ወይም የውክልና ወረቀት ያስፈልጋታል። ደግሞ ለባጃጅ የሚሆን፣ ያልተቃጠለ (ጊዜው ያላለፈ) መንጃ ያለው ሌላ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና ደጅ ላይ "ማን ሊነዳው ነው?" ተብሎ ይመለሳል።

"እኔ በአንድ ስልክ ላስለቅቅልሽ" የሚል ደላላ ከመጣ አትስሚው። ደረሰኝ የሌለው ብር እንዳትከፍሉ።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ

እኔ ግን ነገሩን አክብዳችሁታል እላለሁ። ከሎዛ ማርያም እስከ ማራኪ ስንቱ ልጅ ነው ያለ መንጃ የሚነዳ? ቢያዝ ቢበዛ ቅጣት ነው። ለጥቂት ቀን ሰፈር ውስጥ ቢሠራ ምንም የለውም። እናትየዋም እኮ ዳቦ ፍለጋ ነው።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ወንድሜ፣ የእናትየዋ ችግር ይገባኛል። ግን "ቢበዛ ቅጣት ነው" የሚለው አባባል ብዙ ቤት አፍርሷል። እህታችንም ማስረጃ ስለጠየቀች ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ገዢው ሕግ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ማንም ሰው ለሚነዳው ተሽከርካሪ ዓይነት የሚሆን፣ የጸና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። "የጸና" ማለት ጊዜው ያላለፈ፣ ያልታገደና ያልተሰረዘ ነው። ስለዚህ ሾፌራችሁ በአንድ ወቅት ተምሮ፣ ተፈትኖ ያገኘው ብቃት አልጠፋም፤ የመንዳት መብቱ ግን እስኪያድስ ቆሟል። ወንድምሽ ደግሞ ከነጭራሹ ብቃቱ አልተመዘነም። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

የመንገድ ላይ ቅጣቱን በተመለከተ፣ ደንቡ ተደጋግሞ ተለውጧል። ደንብ ቁጥር 208/2003 ነበር፤ በ395/2009 ተሻሻለ፤ ከዚያ በኋላ 557/2016 መጣ። ስለዚህ በስልክ የሚዘዋወረውን የድሮ የቅጣት ሰንጠረዥ አትመኑ። የክስ ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰውን ደንብና አንቀጽ እዩ።

እስከዚህ ድረስ በገንዘብ የሚያልቅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አደጋ ሲደርስ ያለው ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ይከፍለዋል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል፤ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮም አለው። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ነው ከባዱ። ጥፋተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ ወይም መመሪያ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ከሆነ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። መቀጮው ደግሞ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር።

እንግዲህ አስቡት። ወንድሟ መንጃ እንደሌለው ያውቃል። እያወቀ ቁልፍ አስነስቶ ወጣ። ልጅ ገጨ። ዐቃቤ ሕግ "ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሷል" ብሎ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ተከላካይ ጠበቃ መከራከር ይችላል፤ አደጋው የደረሰው መንጃ ስለሌለው ነው ወይስ በሌላ ምክንያት የሚለው ይነሳል። ግን ክርክሩ የሚጀምረው ልጁ ከታሰረ በኋላ ነው።

ዋስትናም አለ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ተጎጂውም ከሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትናን ይገድባል። የ543 ንዑስ 3 ጣሪያ ደግሞ 15 ዓመት ነው። ስለዚህ ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልጁ ጣቢያ ሊቆይ ይችላል። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ በዚያ መንገድ እንዲጀምር አልመኝለትም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ከሁሉ በላይ እንድታነቢላት የምፈልገው ይህን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። በዚህ አንቀጽ የሚያድናት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ሰዓት ተሽከርካሪው ተሰርቆባት እንደነበር ማስረዳት። ልጇ ቁልፉን ከግድግዳ አንስቶ ቢወጣ ሌብነት ነው ብላ ፍርድ ቤት ልትከራከር ነው? ቁልፉን ራሷ ሰጥታው ከሆነማ ያም በር ተዘግቷል። ለሐኪም ቤት፣ ለቀረ ገቢ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚጠየቀው ካሳ ባጃጁን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ሊነካ ይችላል።

መልስ፦ ኢንሹራንስ ሠራተኛ

የሕግ ባለሙያው ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር።

ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ዓላማው የተገጨው ሰው ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። ብዙ ባለንብረት ግን "ኢንሹራንስ ስላለኝ እኔን አይነካኝም" ብሎ ያስባል። መንጃ በሌለው ሰው እጅ አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ለተጎጂው የከፈለውን ከባለንብረቱ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ለራሳችሁ ባጃጅ ጥገና የገባችሁት ሰፊ ዋስትና ካለ ደግሞ ውሉ ውስጥ ስለ አሽከርካሪው የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ውሎች በአብዛኛው ሕጋዊ መንጃ ያለው ሰው መንዳት አለበት ይላሉ። ጊዜው ስላለፈበት መንጃ ምን እንደሚል አሁኑኑ ጠይቁ።

አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳዝነኝ ልናገር። አደጋ ሲደርስ ቤተሰብ ተሰብስቦ መንጃ ያለውን ዘመድ "እኔ ነበርኩ የነዳሁት" እንዲል ያደርጋል። ዘመዱ ለወንድሙ ብሎ ይገባበታል። ግን የቆሙ ሰዎች አይተዋል፣ ተሳፋሪ አለ፣ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ያነሳል። ውሸቱ ሲወጣ ለባጃጁ የሚጠበቀው ካሳ ሊቀር ይችላል፣ ንጹሕ የነበረውም ሰው ይከሰሳል።

መልስ፦ የመንጃ አሠልጣኝ

ልጄ፣ ወንድምሽ "መንዳት ይችላል" ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማስነሳት፣ ማርሽ መቀየር፣ መታጠፍ ይችላል። ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ እኔ መጥተዋል። እጃቸው ጎበዝ ነው። ቅድሚያ የማን እንደሆነ ስትጠይቂያቸው ግን ዝም ይላሉ።

የጎንደርን መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ሦስት ሰው ጭኖ ከፒያሳ ሲወረድ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ልጅ፣ ማርሽ ከባድ አድርጎ መያዝን ካልለመደ፣ ፍሬኑ ሲሞቅበት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የቅዳሜ ገበያ አለ፤ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት አለ፤ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚጎርፈው ሕዝብ አለ። "ሰፈር ውስጥ ብቻ" የተባለው ቦታ ላይ ነው እኮ ሕፃናት መንገድ ላይ የሚጫወቱት።

ልጁ ፍላጎት ካለው አስመዝግቢው። ፈቃድ ያለው ማሠልጠኛ ይግባ። የጤና ምርመራ አለ፣ በተለይ ዓይን። ከዚያ ትምህርቱ፣ ልምምዱ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተናው ይቀጥላል። ልምምድም ቢሆን ከአሠልጣኝ ጋር በማሠልጠኛ ተሽከርካሪ ነው እንጂ ተሳፋሪ ጭኖ አይደለም። መንጃ በምድብ እንደሚሰጥም ይወቅ፤ የባጃጁን ይዞ ነገ ሚኒባስ ላይ ልውጣ ማለት አይቻልም።

"ሳትማር መንጃ እናወጣልሃለን" የሚሉ አሉ። እሱን ከገዛ ያለ መንጃ ከመንዳት የባሰ ነው። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ባለንብረት ኃላፊነት ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ወንድሜ አይነካውም ብላለች። ባጃጁ ሲለቀቅ፣ ሾፌሩ እስኪያድስ ድረስ መንጃ ያለው የአጎቴ ልጅ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሊሠራበት ተስማምቷል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሾፌሩን እናባርረው ወይስ እናቆየው? ቅጣቱንስ ማን ይክፈል?

መልስ፦ ባለንብረት፣ ፊት አቦ

እህቴ፣ ሾፌሩ ጨዋና ባጃጁን የሚጠብቅ ከሆነ ለማደስ ጊዜ ስጡት። ግን ያለ ጽሑፍ አትመልሱት። እኔ ከሾፌሬ ጋር አንድ ገጽ ውል አለኝ። መንጃ የማደስ ግዴታው የእሱ ነው ይላል። ከመንጃና ከመንዳት ጋር የተያያዘ ቅጣት የእሱ፣ የቦሎና የኢንሹራንስ ጉድለት የእኔ። ባጃጁን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው፤ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን። ምሳ ሲበላ ለጓደኛው የሚሰጥ ሾፌር ብዙ ነው።

የመንጃውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። የሚያበቃበትን ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ እንዲያስታውስሽ ስልክሽ ላይ ሙዪው። የሕክምና ምርመራውና ወረፋው ቀናት ይወስዳል፤ ያልተከፈለ የቆየ ክስም ካለበት መጀመሪያ እሱን መጨረስ ይኖርበታል። የአጎትሽ ልጅም ነገ ከመነሳቱ በፊት መንጃውን ያሳይሽ። ዘመድ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ምድቡን እይ፣ ቀኑንም እይ።